ውሃ ሳይጠጡ ወደ ሞጣ፣ ጠጥተው ወደ ቢቸና

ከቢቸና ሞጣ ሄጄ የተመለስኩበትን መንገድ የምጽፈው ሞጣን ላሳያችሁ ብዬ አይደለም። አብዛኞቻችሁ አትሄዱም፤ መሄድም አያስፈልጋችሁም። እኔም የሄድኩት የባለቤቴ የመሪጌታ ልሳነወርቅ በሽታ በታወቀ ሰሞን ሌላ መላ ጠፍቶኝ ነው። ከተመለስን ወዲህ ባሎቻቸው በዚሁ በሽታ የተያዙ ሴቶች ቤቴ እየመጡ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዷ ከመጀመሪያው ስጀምር እደክማለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የጽሕፈት መኪና ስመታ ስለኖርኩ ከመናገር መጻፍ ይቀናኛል። ሐኪም አይደለሁም። ያየሁትንና የተነገረኝን ብቻ እጽፋለሁ።

ባሕር ዳር ላይ መሪጌታን የሚያክማቸው ሐኪም የልጃችን እኩያ የሚሆን ትሑት ሰው ነው። የደሙንም የናሙናውንም ውጤት አይቶ ሲጨርስ ወንበሩን ወደ እኛ አስጠጋ።

"አባቴ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ነው" አለ።

ፕሮስቴት የሚሉት ከፊኛ ሥር የሚገኝ፣ ወንድ ብቻ ያለው እጢ ነው። ካንሰሩ ከእጢው ወጥቶ የጀርባ አጥንት ነክቷል አለን። ጨርሶ ማጥፋት ባይቻልም ለዓመታት ይዞ ማቆየት ይቻላል። ይህ በሽታ የሚፋፋው በወንድ ሆርሞን ስለሆነ ሆርሞኑን ማስቆም ያስፈልጋል። ለዚያም ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ በየሦስት ወሩ የሚወጉት መርፌ ነው፣ ሌላው የዘር ፍሬዎቹን በቀላል ቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። መርፌው ሁልጊዜ ይገኛል ብሎ ቃል እንደማይገባልን፣ መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን እንደሚዘጋ ራሱ አነሳው። "ተማከሩና በቀጠሮው ቀን ወስናችሁ ኑ" አለ። ከእጢው ያልወጣ ካንሰር ሌላ ሕክምና እንዳለው፣ ለአንዳንዱም በየጊዜው እየመረመሩ ከመጠበቅ ሌላ ምንም እንደማይደረግለት ነግሮናል። ስለዚህ የጎረቤታችሁን በሽታ ከራሳችሁ ጋር አታስተያዩ። መጀመሪያ የሚጠየቀው "ከእጢው ወጥቷል ወይስ አልወጣም?" የሚለው ነው።

"መቼ ጀመረዎት?" ብሎ ሲጠይቃቸው መሪጌታ "ከፋሲካ ወዲህ" አሉት። ቀና ብዬ አየኋቸው። ከዚያ በፊት ስንት ክረምት፣ ሌሊት ለሽንት ሲወጡ፣ በራችን ሲከፈትና ሲዘጋ እየሰማሁ አድሬያለሁ።

መሪጌታ በደብራችን የማኅሌት መሪ ናቸው። በበዓል ዋዜማ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስኪነጋ ይቆማሉ። ከሰልፉ መሃል መውጣት እንደ ነውር ነው የሚታየው፤ የወጣውን ሰው ሲመለስ በዓይናቸው ይቀበሉታል። ስለዚህ ሽንት ማጣደፍ የጀመራቸው ጊዜ ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት ተዉ። ሰው ደግሞ "መሪጌታ እኮ ውሃ እንኳ አይቀምሱም" እያለ ጾመኛነታቸውን ያደንቅ ጀመር። እሳቸውም አላረሙትም። በሽታውን ይህን ያህል ዘመን የሸፈነው ይህ አድናቆት ነው።

ከባሕር ዳር ከተመለስን በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ እጃቸውን ታጥበው ሳይጎርሱ ተቀመጡና "ሞጣ እሄዳለሁ" አሉኝ።

"ሞጣ ምን አለ?"

"እንዳላማው አለ። የተሰለበ ሰው በቤተ እግዚአብሔር ይቆማል ወይስ አይቆምም፣ መጽሐፉን የሚያውቀው እሱ ነው። ይቻላል ካለኝ እሰማለሁ። አይቻልም ካለኝ ባሕር ዳር አልመለስም። እንዳትጨቀጭቂኝ፣ የሺ።"

"መርፌውስ?"

"በመርፌም በቢላዋም መሰለብ ያው መሰለብ ነው።"

መሪጌታ እንዳላማው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት አንድ ጎጆ የተጋሩ ጓደኛቸው ናቸው። በኋላ የመጻሕፍት ትርጓሜ ተምረው ሞጣ ላይ ያስተምራሉ። የቀጠሮው ቀን እየቀረበ ነው። የባሌ መታከም በአንድ ሰው ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ብቻቸውን ልሰዳቸው አልቻልኩም። ትራስ፣ ጋቢ፣ ቅያሪ ሱሪ ይዤ ተከተልኳቸው።

ሰኞ

መናኸሪያ የደረስነው በማለዳ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ቆየን። ሻይ ላምጣ ብላቸው አልፈለጉም። ውሃ በኮዳ ይዤ ነበር፤ እሱንም በእጃቸው ገፉት። ትራሱን ከጀርባቸው አደረግሁላቸው። አጥንታቸው ከተነካ ወዲህ መኪና ሲነጥር ፊታቸው ይለዋወጣል፣ ድምፅ ግን አያሰሙም።

እስከ ደብረ ወርቅ መንገዱ ደህና ነበር። ከዚያ ወዲያ እየተሠራ የቆመ ቦታ ላይ ደረስንና አቧራውና ጉድጓዱ ተጀመረ። እርሻው እንደ እኛ አገር እርሻ ነው፤ ጤፉ ግን ከእነሱ ከእናርጅ እናውጋ ይልቅ የእኛ የእነማይ ይበልጣል ብዬ በልቤ አዳላሁ። መሪጌታ መስኮት አላዩም። ጉልበታቸውን ገጥመው፣ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ይህን አቀማመጥ አውቀዋለሁ።

"ሾፌሩን ላስቁመው?" አልኳቸው በጆሯቸው።

"ተይ።"

"ማንም አያውቅዎትም እኮ።"

"አንቺ ታውቂያለሽ፤ ተይ አልኩሽ።"

ጉንደ ወይን ስንገባ ሾፌሩ ዞር ብሎ "ከዚህ አናልፍም፣ ወደ ሞጣ መንገድ ተዘግቷል" አለ። ተሳፋሪው አጉረመረመ። እኔ ግን መውረዳቸውን ብቻ ነበር የፈለግሁት። ወርደው ከአንድ አጥር ኋላ ሄዱ። ቆዩ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"እምቢ አለ" አሉ።

ብዙ ሲይዙት ሽንታቸው ጨርሶ ተዘጋ። መንገድ ዳር አልጋ የምታከራይ ትሁን የምትባል ሴት ቤት ገባን። ከበሽታው ወዲህ ቤት የምመዝነው ከአልጋው እስከ ሽንት ቤቱ ባለው ርቀት ነው። የቢቸናው ቤቴ ጓሮውን ማቋረጥ ይጠይቃል፤ የትሁን ሽንት ቤት ከክፍላችን በር ፊት ለፊት ነው፣ በሩም ይቆለፋል። ሞጣም ባሕር ዳርም እንዲህ ያለ አላየሁም።

ትሁን ፈርጠም ያለች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነች። መሪጌታን አንድ ጊዜ አየቻቸውና ወደ ጓዳ ወሰደችኝ።

"እማማ፣ አባባን ሽንት ነው የከለከላቸው?"

"በምን አወቅሽ?"

"አረማመዳቸው የአባቴ ነው። ውሃ እያሞቅሁ ነው፣ ሳፋው ላይ ይቀመጡበት። እሱ ካላስለቀቀ ግን ዝም ብለን አናድርም። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፣ በቱቦ ያወጡላቸዋል። አባቴን ነገ ነገ ስንል ነው የጎዳነው።"

መሪጌታ ለብ ባለው ውሃ ተቀመጡ። ትሁን ከውጭ ሆና በሩን ዘጋችና "አባባ፣ ቢዘፍኑም ማንም አይሰማዎትም፤ ጎረቤቴ ወፍጮ ቤት ነው" አለቻቸው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከውስጥ "ተመስገን" ሲሉ ሰማሁ። ትሁን እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ልነግራችሁ የምፈልገው፣ ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለና ሆድ ከተወጠረ ቤት ተቀምጦ የሚጠበቅ ነገር እንዳልሆነ ነው። ለእኛ ሳፋው ረዳን። ለሁሉም አይረዳም።

ማክሰኞ

ጠዋት መንገዱ ገና ዝግ ነው። ትሁን ገንፎ ሠርታ አቀረበችልን። በእኛ ቤት ገንፎ ለአራስ ካልሆነ አይሠራም፤ እዚህ ግን ለመንገደኛም ይሠራል። መሪጌታ ከበሉ በኋላ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ በዚሁ በሽታ ስለተያዙት አባቷ አጫወተችኝ።

"ወገቤን ይላሉ፣ እናሻቸዋለን። ሥራ ሥር የሚያውቅ ሰው አለ ተባለ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ቅጠል ጠጡ። አንድ ጠዋት ከአልጋ ሊወርዱ እግራቸው አልታዘዝ አለ። ሐኪሙ 'እግሩ መዛል የጀመረ ዕለት ብታመጡት ኖሮ' አለን። ደንዝዞኛል ብለው ነበር እኮ! እኛ ተኝተውበት ነው አልን።"

የእኛም ሐኪም ይህንኑ ተናግሯል፤ ካንሰሩ በጀርባ አጥንት በኩል ነርቭ ሊጫን ስለሚችል እግር ከዛለ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ አልታወቅ ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት መሄድ ነው። ስለ ጸበልም ጠይቄው ነበር። "እማማ፣ ጸበሉን ከእኔ ጋር አያጣሉት፤ የእኔን ትተው እሱን ብቻ እንዳይዙ እንጂ" አለኝ። ቅጠሉን ግን ምን እንዳለበት ስለማይታወቅ ተዉ ብሏል።

ከቀትር በኋላ መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ሚኒባስ ስላልነበረ ትሁን አንድ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ፊት ቆማ "እነዚህን ሽማግሎች ጋቢና ካላስገባህ አታልፍም" ብላ አሳፈረችን። ለመሪጌታ ክዳን ያለው የፕላስቲክ የሽንት እቃ በፌስታል ጠቅልላ አቀበለችኝ። "የአባቴ ነው፤ ታጥቧል" አለች። አመስግኜ ተቀበልኳት። እንዲህ ያለ ስጦታ ሰው አይሰጥም፤ እኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ አላገኘሁም። መሪጌታ ግን በመንገድ አልነኩትም። ውሃም አልጠጡም።

ሞጣ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከተማዋ ከቢቸና ትሰፋለች፤ ባጃጁ ይበዛል፣ ነፋሱም ይበረታል። መሪጌታ እንዳላማው በር ላይ ጠበቁን። ከመሪጌታ ያጠሩ፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ናቸው።

"ልሳኑ! መቋሚያህ ካንተ ወፍራለች እኮ፣ ምን ሆነህ ነው የከሳኸው?"

"አንተ የእኔንም በልተህብኝ።"

"ከቅኔ ቤት ጀምሮ ነው የምበላብህ፣ ዛሬ ገና አወቅኸው?"

እየተሳሳቁ ገቡ። እኔ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩዓለምን ላግዝ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ቀጭን፣ እጇ የማያርፍ ሴት ነች። ቃሪያ እየሰነጠቀች መሪጌታን ምን እንዳመማቸው ጠየቀችኝ። ከሰው ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ከድካሙ የተነሣ ግን እንዳለ ተናገርኩ። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"የሺዬ፣ የእኛም ሰውዬ እኮ ይኸው ነው።"

"የቡአ እብጠት ቀዶ ጥገና ነው ብለውን አልነበር?"

"ለሰው እንደዚያ ነው ያልነው። ባሕር ዳር ወሰድኩት፣ ሁለቱንም አወጡለት፣ መጣ። ይኸው እንደምታይው ሆዱን እየሞላ አለ። ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም።"

ተቀመጥኩ። ልጠይቃት የምፈልገውን ሳልጠይቃት እሷው ቀጠለች።

"አትደንግጪ። መጀመሪያ ሰሞን ሙቀት ከእግሩ እስከ ራሱ ይወጣበታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ጋቢውን ይጥላል፣ ደግሞ ይበርደኛል ይላል። 'እኔ ከብዙ ዓመት በፊት የወር አበባዬ ሲቀር ይህን ሳልፍ ታላግጥብኝ ነበር፣ እንኳን ደረሰህ' አልኩት። ይደክመዋል፣ ሆድ ይብሰዋል። ሐኪሙ በእግሩ ይሂድ፣ ወተት አይለየው፣ ለአጥንቱ ነው ብሎኛል። የአልጋው ነገር ደግሞ…" አለችና ቃሪያዋን አነሳች። "ይቀራል። እኛ እንደሆን ሽማግሎች ነን። ሳያውቁት ከሚቀር አውቀውት ቢቀር ይሻላል፤ እኔን ሐኪሙ ቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር ጠላኝ ብዬ አላሰብኩም።"

ሐኪም ዘንድ ከባላችሁ ጋር ግቡ የምለው ለዚህ ነው። ብቻውን የሰማ ወንድ ግማሹን ይረሳዋል፣ ግማሹን ይደብቀዋል።

ጥሩዓለምን ለመሪጌታ እንድነግራቸው ፍቀጂልኝ ብዬ አልለመንኳትም። የባሏ ነገር ነው። እራት ላይ ሁለቱ ሽማግሎች የቅኔ ቤት ጨዋታ ሲጫወቱ እኔ እያወቅሁ ዝም ብዬ በላሁ። መሪጌታ ጥያቄያቸውን አላነሱም። ውሃ ሲቀዳላቸው ብርጭቋቸውን በእጃቸው ከደኑ። መሪጌታ እንዳላማው ያንን እጅ ትክ ብለው ሲያዩት አየኋቸው፤ ከዚያ ወደ ሌላ ዞሩ።

ረቡዕ

ቅዳሴ ሳይጀመር ሁለቱ ወንዶች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ከወይራ ሥር ተቀመጡ። እኔና ጥሩዓለም ከእነሱ ራቅ ብለን ግንቡን ተደግፈን ተቀመጥን፤ ድምፃቸው ይደርሰናል። የእኛ ደብር ቅጽር ዛፉ ይበዛል፣ የሞጣው ደግሞ መቀመጫው ይመቻል።

"አንድ ሰው አለ" ብለው ጀመሩ መሪጌታ።

"የት አገር?"

"እኛው አገር።"

"ካህን ነው?"

"የማኅሌት ሰው ነው። ታመመ። ሐኪሞች መሰለብ አለብህ አሉት።"

"ሰውየው ትዕቢተኛ ነው?"

"እንዳላማው!"

"አውቄሃለሁ ልሳኑ። ቅኔ ቤትም ጥፋት ስታጠፋ 'አንድ ልጅ አለ' እያልክ ነበር ለየኔታ የምትናገረው።"

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። መሪጌታ እንዳላማው ሳቃቸውን ትተው እንደ መምህር ተናገሩ። የሚከለከለው በጤናው ራሱን የሰለበ ነው አሉ። ታሞ ሐኪም የቆረጠውን ሕጉ አይነካውም፤ አባቶች ይህን ለይተው ጽፈውታል፣ ከፈለግህ መጽሐፉን አውጥቼ አሳይሃለሁ አሉ።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው። አጭር ነው።"

"ላንተ አጭር ነው" አሉ መሪጌታ። "የሚቆረጠው ያንተ አይደል።"

ቃሉን ሰምተው እንኳ ልባቸው እንዳልተመለሰ ገባኝ። መሪጌታ እንዳላማው በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን መጫር ጀመሩ። ጥሩዓለም ከአጠገቤ ብድግ አለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ንገረው እንጂ! ይህን ሁሉ መንገድ የመጣ እንግዳ ባዶውን ልትሰድ ነው?"

መሪጌታ እንዳላማው ቀና አላሉም። "ያ የቡአው ጊዜ" አሉ፣ "ቡአ አልነበረም።"

መሪጌታ ከራስ እስከ እግራቸው አዩዋቸው።

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም።"

"ከዚያ በኋላ ነው የፋሲካውን ማኅሌት የመራኸው?"

"ከዚያ በኋላ ነው።"

"ድምፅህስ?"

ይህን ሲሉ የእሳቸው ድምፅ ተሰበረ። ያን ሁሉ ቀን የሚፈሩት ሕጉን መስሎኝ ነበር። ይህን ያህል ዘመን አብሬያቸው ኖሬ ለድምፃቸው መፍራታቸውን አልደረስኩበትም።

መሪጌታ እንዳላማው ተነሱ፣ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር ተደገፉና ዓይናቸውን ጨፍነው በዕዝል፣ በከባዱ ዜማ፣ ከታች አንስተው ዜማውን ጎተቱት። ድምፁ ከሆዳቸው ነው የሚወጣው። ቅዳሴ ሊገቡ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ሰሙ። መሪጌታ ጆሯቸውን ወደ እሳቸው ዘንበል አድርገው እንደ መርማሪ አዳመጡ።

"ያው ነው" አሉ ሲያልቅ።

"ያው ነው። ያኔም አያምርም ነበር፣ አሁንም አያምርም። ድምፅ የሚቀጥነው በልጅነት ለተሰለበ ነው፤ አንዴ ከጎረነነ አይመለስም ብሎኛል ሐኪሙ።"

እፎይ ልል ስል መሪጌታ ተነሱ። ፊታቸው የተፈታ መስሎኝ ነበር፤ ግን ጠቁሮ ነበር።

"ጥምቀት ቤቴ መጥተህ አብረን በላን። ሽንት ሲያጣድፈኝ አይተሃል። ውሃ መጠጣት ስተው አይተሃል።"

"አይቻለሁ። እኔም እንደዚያው ሳደርግ ስለኖርኩ ወዲያው አወቅሁት።"

"አውቀህ ዝም አልከኝ።"

"አፈርኩ፣ ልሳኑ። ያንተን ብነግርህ የእኔን ልነግርህ ነው።"

"ሐኪሙ ቀደም ብዬ ብመጣ ኖሮ ከእጢው ሳይወጣ ይገኝ ነበር አለኝ።"

መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ብቻቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገቡ። ከቅዳሴ መልስ የቀረበላቸውን ፊታቸውን ከመሪጌታ እንዳላማው አዙረው በሉ። ጥሩዓለም የምስር ወጧን ጨው ስትቀምስ እንባዋ ይወርድ ነበር። እኔ ሰሃኖቹን አጠብኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ወንድም፣ አጎት፣ ጓደኛ ያላችሁ፣ ንገሯቸው። በቤተሰብ ውስጥ ሲኖር ለወንድሞችና ለወንዶች ልጆችም ያሰጋል ተብለናል። ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ምልክት ባይኖራቸውም ስለ ደም ምርመራው ሐኪም ቢያማክሩ መልካም ነው። ልጃችን አሁን ተመርምሯል። የነገሩት አባቱ ናቸው፣ በስልክ፣ እኔ በሌለሁበት።

ሐሙስ

መናኸሪያ ጥሩዓለም ነበረች የሸኘችን፤ ማር በማሰሮ ይዛለች። የሞጣ ማር ከቢቸናው ይነጣል፣ ጣዕሙ ግን የእኛው ይጠነክራል፤ ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው መሪጌታ እንዳላማው እያለከለኩ መጡ። በሁለት እጃቸው ሁለት የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዘዋል። መስኮቱ ሥር ቆሙ።

"ያለፈውን መመለስ አልችልም" አሉ። "ይህን ግን ጠጣ።"

መሪጌታ አላዩአቸውም።

"አንተ ጠጣህ?"

"ጠጥቼ፣ ሁለት ቦታ ቆሜ ነው የመጣሁት። ለዚያ ነው የዘገየሁት።"

የመሪጌታ ከንፈር ሳይወዱ ተንቀሳቀሰ። "በሚመጣው በዓል" አሉ፣ "ማኅሌቱ ሞቅ ሲል፣ ሰዉ ሁሉ እያየህ ከመሃል ትወጣለህ። ሽንቴን ልሸና ነው ብለህ ትወጣለህ። ተማሪዎችህም ያያሉ። ያን ጊዜ ይቅር ብዬሃለሁ።"

"ልሳኑ፣ በማኅሌት መሃል?"

"በመሃል።"

መሪጌታ እንዳላማው ላስቲኮቹን ወደ ደረታቸው አስጠግተው "እሺ" አሉ። መሪጌታ አንዱን ላስቲክ ተቀብለው ክዳኑን ፈቱ። ጠጡ። ደግመው ጠጡ። መኪናው ሲነሳ ሌላውን እኔ ተቀበልኩ።

መንገዱ ያው ነው፤ ጉድጓዱም የነበረበት አለ። እኔ ደክሞኝ ዓይኔ ይከደን ነበር። ጉንደ ወይን ከመድረሳችን በፊት መሪጌታ ጉልበታቸውን ሲገጥሙ ተሰማኝና ነቃሁ። የትሁንን እቃ ከፌስታሉ ላወጣ ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ። ከዚያ ማኅሌት በሚመሩበት ድምፅ፣ መኪናው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገሩ።

"ልጄ ሾፌር፣ አቁምልኝ። የፕሮስቴት ካንሰር ይዞኛል፣ ሽንት መታገስ አልችልም።"

መኪናው ውስጥ የነበረው ወሬ ቆመ። ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸውና ዳር ይዞ አቆመ። መሪጌታ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ወረዱ። እሳቸው ገና ሦስት እርምጃ ሳይሄዱ ከኋላ ወንበር አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ "እኔም ልውረድ" አሉ። ከዚያ አንድ ኮት የለበሰ ጎልማሳ። ከዚያ ሌላ። ወንዶቹ ሁሉ ከእርሻው ዳር ጀርባቸውን ሰጥተውን ተሰለፉ።

"ይኸ ሁሉ ሰው ምን ይጠብቅ ነበር?" አለች ከአጠገቤ የተቀመጠች ሴት።

"እሳቸውን" አለ ሾፌሩ፣ እሱም በሩን ከፍቶ እየወረደ።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ መሪጌታ ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ሲመለሱ ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ መሪጌታን ክንዳቸውን ይዘው አስቀርተዋቸዋል። "እንዴት ነበር የጀመርዎት?" ሲሉ ይሰማል። መሪጌታ ቆመው ይነግሯቸዋል። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ቆይ የሚል ምልክት አሳዩትና ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ማምሻውን ቢቸና ገባን። ጓሮዬን ሳቋርጥ የትሁን ቤት ትዝ አለኝ።

በቀጠሮው ቀን ባሕር ዳር ሄድን። ሐኪሙ እንደገና መቼ እንደጀመራቸው ሲጠይቅ መሪጌታ "ማኅሌት ላይ እንዳልወጣ ብዬ ውሃ መጠጣት የተውኩ ጊዜ ነው፤ ብዙ ዓመት ሆኖታል" አሉት። ሐኪሙ ብዕሩን አቁሞ አያቸውና ጻፈው። ቀዶ ጥገናውን መረጡ። ከወገባቸው በታች ብቻ ስለተደነዘዙ ነቅተው ነው ያለፉት። ከክፍሉ ሲወጡ አልጋው አጠገብ ጠበቅኳቸው። ምንም ሳይሉኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዝቅ አድርገው፣ በዕዝል አንድ ቃል አዜሙ። አዳመጡት። ደግመው አዜሙት።

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና "የሺ፣ ውሃ ስጪኝ" አሉኝ።